በኤሊስ ፓርክ የተመልካች ወንበር

በታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ለተመልካች የሚሰጠው አገልግሎት ከትኬት ሽያጭ ይጀምርና የመቀመጫ ምደባን፣ መጸዳጃን፣ የመጠጥ ውሃን፣ የምግብ መሸጫን፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታንና መጓጓዣን ያጠቃልላል። የቴኒስ ግጥሚያ የሚያበቃበት ሰዓት አስቀድሞ ስለማይታወቅና ለሰዓታት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ በተለይም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተመሠረተችው በጆሃንስበርግ የበጋው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ስለማይታጣበት፣ ጥላና መጠለያ የቅንጦት ጉዳይ አይደሉም።

በአፓርታይድ ዘመን ግን ከጥላና ከመጠለያ የሚቀድም ጥያቄ ነበር፤ እርሱም እንግዳ ተብሎ የሚስተናገደው ማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የሕዝብ መገልገያዎችን በዘር የሚለይ ሕግ መቀመጫን፣ መግቢያ በርንና መጸዳጃን ለየዘሩ መከፋፈልን ከመፍቀዱም በላይ፣ የሚለዩት መገልገያዎች እኩል ጥራት እንዲኖራቸው ግዴታ እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግግ ነበር። ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ለጥቁሮች ተለይታ በተሠራችው በቶኮዛ የሚኖር የቴኒስ ወዳጅ፣ የደቡብ አፍሪካ ኦፕን ይካሄድበት ወደነበረው ወደ ኤሊስ ፓርክ ለመሄድ ጥቁሮች እንዲይዙት የሚገደዱትን የይለፍ ደብተር ይዞ ሩቅ መንገድ መጓዝ የነበረበት ሲሆን፣ ከደረሰ በኋላም የሚጠብቀው ቆዳው የወሰነለት ወንበር ነበር።

ይህን ሥርዓት ከመጫወቻ ሜዳው ውስጥ ሆኖ የተገዳደረው አሜሪካዊው ጥቁር የቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ ነው። አሽ ቪዛ በተደጋጋሚ ተከልክሎ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 ወደ ጆሃንስበርግ ሲመጣ፣ የተመልካቹ መቀመጫ በዘር እንዳይከፈል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ የውድድሩ አዘጋጅ ኦወን ዊሊያምስም ይህንኑ ቃል ገብቶለታል። በተግባር ግን መለያየቱ ከስታዲየሙ ፈጽሞ አልጠፋም። አሽ በነጠላ ፍጻሜ በጂሚ ኮነርስ ቢሸነፍም ከኔዘርላንዳዊው ቶም ኦከር ጋር በጥንድ አሸናፊ ሆኗል፤ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አንድ ተጫዋች የመቀመጫ ምደባን የመጫወቻ ውል አካል ማድረጉ ነው። በኋላም በሶዌቶ በጃባቩ ሰፈር የቴኒስ ማዕከል በስሙ ተሠይሟል፤ በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው ከ23,000 በላይ ሰው የሚይዘው የዓለም ትልቁ የቴኒስ ስታዲየምም በእርሱ ስም ይጠራል።

የመለያየቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ተሽሯል፤ ወንበር የሚወሰነውም በትኬት ዋጋ ሆኗል። ዋጋ ራሱ እንቅፋት እንዳይሆን በእንግሊዝ የሚካሄደው የዊምብልደን ውድድር የሚከተለው አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በዚያ ቀድሞ የሚወጣ ተመልካች የለቀቀው ወንበር በዝቅተኛ ዋጋ ዳግም ይሸጥና ገቢው ለበጎ አድራጎት ይውላል፤ ያለ ቅድሚያ ትኬት የመጣ ሰውም ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሲያስፈልግም በአቅራቢያው በድንኳን አድሮ፣ ሰልፉን ጠብቆ ይገባል።

ዓለም አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በደቡብ አፍሪካ ቴኒስ ኦፕን ስም ወደ ጆሃንስበርግ ተመልሶ፣ በመጨረሻው ዓመት የጆሃንስበርግ ልጅ የሆነው ኬቨን አንደርሰን አሸንፏል። ለቶኮዛ ነዋሪ ግን ዛሬም ፈታኙ ክፍል ከበሩ ውጭ ያለው ነው፤ መጓጓዣው በአብዛኛው ሚኒባስ ታክሲ ስለሆነና ከመሸ በኋላ ታክሲ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ በከተማዋ የምሽት ግጥሚያ የሚያሰናዳ አካል ለባለ ልዩ ትኬቶች ማረፊያ ክፍል ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ወደ ቶኮዛ፣ ወደ ካትሌሆንግና ወደ ሶዌቶ የሚመልሱ አውቶቡሶችን ማዘጋጀት ይኖርበታል።