«ጋዝ አልቋል» ከማለታችን በፊት

ከቼንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ፒክአፕ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ይሻገራል። ቼንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ጉም የማይለያት ከተማ ናት፤ ጠዋት ጋቢ የደረበ ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም። ዶርዜን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀመር አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር፣ ከሥር ተዘርግተው ይታያሉ። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ላይ ናት፤ የጫሞ ውሃ ከዚያም ዝቅ ብሎ 1,110 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይሞቃል። ከላይ መስኮቱን ዘግቶ የተነሳ ሾፌር የአርባ ምንጭዋ ሲቀላ ሰፈር ሲገባ 10 ዲግሪ ያህል የጨመረ ሙቀት ይቀበለዋል። የኤሲውን ቁልፍ የሚጫነውም ያኔ ነው።

ችግሩም የሚታወቀው ያኔ ነው። ነፋሱ ይመጣል፣ ግን አይቀዘቅዝም። ወይም ይቀዘቅዛል፣ ግን ነፋሱ ደክሟል። ወይም ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንሿሿ፣ የሚያፏጭ፣ የሚንኳኳ ነገር ይሰማል። ለሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ጋዝ አልቋል፣ አስሞላው።» ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። የኤሲ ጋዝ እንደ ናፍጣ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ የሚሠራ ነው። ከጎደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት በተሸነቆረ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

እንስራን ካነሳን ዘንድ፣ የኤሲ ምሥጢርም ያለው እዚያው ነው። በሸክላ የተቀመጠ ውሃ በጠራራ ፀሐይ አገር እንኳ የሚቀዘቅዘው ሸክላው ስለሚያልበው ነው። በላዩ ላይ የወጣው ርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መርፌ ሊወጉ ሲሉ ክንድዎን በአልኮል ሲጠርጉት የሚሰማዎ ቅዝቃዜም ያው ነው። ፈሳሽ ወደ ትነት ለመለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት የሚወስደው ከነካው ነገር ነው።

በብዙ መኪኖች ኤሲ ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል። ሲጨመቅ ይግላል፤ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት በተተከለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ግለቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ከዚያ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥም ይፈላል። ብሎወሩ የጋቢናውን አየር በዚህ ውስጡ በሚፈላ፣ ግን እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ዕቃ ላይ ይነፋል። ወደ ፊታችን የሚመጣው ቅዝቃዜ ይህ ነው። ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀት ከጋቢና አውጥቶ ከራዲያተሩ ፊት ይጥላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጋዝ አለው ወይ?» ሳይሆን «የጎደለው ነፋሱ ነው ወይስ ቅዝቃዜው?» መሆን አለበት። ሁለቱ የተለያየ ቤት ናቸው። የነፋሱ ቤት ብሎወሩ፣ ማጣሪያውና የአየር መተላለፊያዎቹ ናቸው። የቅዝቃዜው ቤት በአብዛኛው ከኮፈኑ ሥር ነው።

ይህን ያወቅሁት ተቸግሬ ነው። በአንድ መጋቢት በደብል ጋቢና ፒክአፕ ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ስሄድ ኤሲው ለግማሽ ሰዓት ያህል አንጀት የሚያርስ ቅዝቃዜ ሰጠን፣ ከዚያ ነፋሱ ቀስ በቀስ ሞተ። ብሎወሩ ይጮኻል፣ ከመውጫው ግን የሚመጣ ነገር የለም። አጥፍተን ጥቂት ቆይተን ስንከፍተው እንደገና ነፈሰ። በአንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞላለት፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ አንድ ወጣት መካኒክ የዳሽቦርዱን ኪስ አውልቆ ብሎወሩን ሲያወጣ ኢቫፖሬተሩ ፊት ላይ አቧራና ቅጠል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘነው። አየር እንደ ልቡ ስለማያልፍበት ኢቫፖሬተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ከጫሞ ሐይቅ ዳር አየር የሚያገኘው ርጥበትም በላዩ ላይ በረዶ ሆኖ የቀረችውን ቀዳዳ ይደፍናል። ስናጠፋው በረዶው ይቀልጣል፣ ነፋሱም ይመለሳል። የጋዝ ችግር አልነበረም። (የኢቫፖሬተሩን ቅዝቃዜ የሚለካው ሴንሰር ሲበላሽ ወይም ጋዙ በከፊል ሲጎድልም ተመሳሳይ በረዶ ሊሠራ ይችላል።) አንዳንድ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የጋቢና አየር ማጣሪያ ጭራሽ አይገባላቸውም፤ የኮረኮንች መንገድ አቧራ በቀጥታ ኢቫፖሬተሩ ላይ ይጣበቃል። የእርስዎ መኪና ማጣሪያ ያለው መሆን አለመሆኑን አንድ ጊዜ ማየት ተገቢ ነው።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ጆሮ ከጌጅ በፊት የሚናገር መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ አለብን፦ ድምፁ ማንን ይከተላል?

የብሎወሩን ቁልፍ ከአንድ ወደ አራት ስናዞር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ የብሎወሩ ነው። ብሎወሩ ከብዙ ቀጫጭን ምላጮች የተሠራ ከበሮ መሰል ማራገቢያ ነው። ደረቅ ቅጠል ከገባበት በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ስለሚመታ «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር መንዘር ይሆናል። ኩሽኔታው ያለቀ ሞተር «ሲጥ» እያለ ይጮኻል፣ በተለይ ጠዋት ሲነሳ። በአንድ፣ በሁለትና በሦስት የማይሠራ፣ በአራት ብቻ የሚነፍስ ከሆነ የተቃጠለው የብሎወሩን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። ሬዚስተሩ ሆን ተብሎ የነፋሱ መንገድ ላይ የተቀመጠው እንዲቀዘቅዝ ነው፤ መተላለፊያው በአቧራ ከተዘጋ እሱም ይቃጠላል። አዲስ ሬዚስተር ገዝቶ አቧራውን መተው ሌላ ሬዚስተር ለመግዛት መዘጋጀት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የድምፅ ሕግ አለ። የማራገቢያ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ መጠን እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ይጨምራል። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን ድምፁ እጥፍ እንደሆነ ይሰማዋል። የደከመ ኤሲ ያለው ሰው ቁልፉን አራት ላይ አድርጎ ሲጮኽበት የሚውለው ለጥቂት ተጨማሪ አየር ብሎ ነው። የአየር መውጫዎችን መዝጋትም ያው ነው፦ ጠባብ ቀዳዳ ያገኘ አየር ይፈጥናል፣ ሲፈጥንም ያፏጫል። የውጭ አየር ዘግተን የጋቢናውን አየር መልሰን ስናዞር ድምፁ ጎላ ቢል ግን አይደንግጡ፤ የብሎወሩ አፍ ወደ ጋቢና ስለተከፈተ ነው።

የነዳጅ ፔዳሉን የሚከተል ድምፅ ከሞተሩ ወገን ነው። ኤሲ ሲከፈት ብቻ የሚጮኽ ቺንጋ ላልቷል ወይም አልቋል። ኤሲ ተዘግቶም ሳለ የሚያጉረመርም፣ ሲከፈት ግን የሚለወጥ ከሆነ የኮምፕሬሰሩ ፑሌጅ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። «ቀጭ» ብሎ መያዙና መልቀቁ የኮምፕሬሰሩ ክላች የዕለት ሥራ ነው፤ በየጥቂት ሰከንዱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጋዙ ጎድሏል ማለት ነው። ሞተር ሲጠፋ ለአንድ ደቂቃ ያህል «ፍሽሽ» የሚለው በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ሲስተካከል የሚሰማ ጤነኛ ድምፅ ነው። እየነዱ ሳለ ሳያቋርጥ የሚፍሽሸሽና ቅዝቃዜው የቀነሰ ከሆነ፣ ወደ ቫልቩ የሚደርሰው ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ትነት የተቀላቀለበት ነው፤ ያኔ የጋዝ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የመኪናውን ፍጥነት የሚከተለው ድምፅ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ብሎወሩን ያጥፉት። ድምፁ ከቀጠለ ኤሲው ነጻ ነው። በዚያው ፍጥነት ማርሹን አንድ ይቀይሩ፤ የሞተሩ ዙር ተለውጦ ድምፁ ካልተለወጠ ሞተሩም ነጻ ነው። (ይህን ለመሞከር ብለው በቼንቻ ቁልቁለት ማርሹን ዜሮ እንዳያደርጉ እለምናለሁ፤ ፍሬን የሚቃጠለው እንዲህ ነው።) ድምፁ ፉጨት ከሆነ የቀረው ነፋስ ነው። የዋሽንት ድምፅ የሚፈጠረው እስትንፋስ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅ ነው፤ የበር ጎሚኒ ሲያልቅ፣ ፓራብሬዙ በደንብ ሳይጣበቅ ሲቀር ወይም በጣሪያው ላይ ባዶ ፖርቶመጋላ ሲጫን መኪናውም እንዲያው ያፏጫል። ጎሚኒውን ለመፈተን አንድ የብር ኖት በሩ መሐል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ፣ በዚያ በኩል አቧራውም ሙቀቱም ይገባል።

ቅዝቃዜው ሲጎድል ደግሞ ከኮፈኑ በፊት ግሪሉን ይዩ። በመንገድ ላይ የሚቀዘቅዝ፣ በሲቀላ ገበያ መሐል ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ኮንደንሰሩ ላይ ነው። መኪናው ሲሮጥ የመንገዱ ነፋስ ያግዘዋል፤ ሲቆም ማራገቢያው ብቻ ይቀራል። በኮንደንሰሩ ክንፎች መካከል ጭቃና ነፍሳት ከተጠቀጠቁ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አርባ ምንጭ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 14 በመቶ ገደማ የሳሳ መሆኑም ነገሩን ያከብደዋል፤ ንጹሕ ኮንደንሰር እዚህ ቅንጦት አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቀስታ ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ቀጫጭኖቹን ክንፎች ያጣምማቸዋል።

ከረዳቱ እግር ሥር ምንጣፉ ከራሰ የራዲያተር ውሃ ነው ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ያሽትቱት። ጣፋጭ ሽታ ከሌለው ብዙ ጊዜ የኢቫፖሬተሩ ላብ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያፈሰው ቱቦ ተዘግቷል።

ጋዝ መሞላት ካለበትስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ መኪናው ቆሞ የሚነበብ ጌጅ የጋዙን መጠን አይናገርም። በቤት ያለ የቡታጋዝ ሲሊንደር እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ነበልባሉ እንደማይደክም ሁሉ፣ በቧንቧው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው። 30 ዲግሪ ላይ ግማሽ የጎደለውም ሙሉውም ተመሳሳይ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። እርግጠኛው መንገድ ያለውን አውጥቶ፣ በሚዛን መዝኖ መሙላት ነው። ሲበዛም ይጎዳል፤ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩ ይንኳኳል።

ሁለተኛው ቫክዩም ነው። ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው በፓምፕ አየር አልባ ይደረጋል፤ ግፊቱ ሲወርድ በውስጡ የቀረ ውሃ በቀን ሙቀት እንኳ ፈልቶ ይወጣል። ካልወጣ በቫልቩ ቀዳዳ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶም ብረት ይበላል። በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈው 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ግን ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ጌጁ በተሟላ ቫክዩም ከ25.6 ገደማ አያልፍም፤ አዲስ አበባ 22.5፣ ቼንቻ 21.4 ገደማ። 25 ላይ የቆመ ጌጅ አይቶ ፓምፑ ደክሟል የሚል መካኒክ ንጹሑን ፓምፕ ይከሳል። ይልቅ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌዋ ከቆመችበት መውረድ አለመውረዷን መመልከት አለበት። ከወረደች ቀዳዳ አለ፤ በሳሙና አረፋ ወይም በቀለም ተፈልጎ ይደፈን።

ይህን አጥብቄ የምለው ለኪስ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በመኪኖች ውስጥ የነበረው አር-12 የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከሥራ እንዲወጣ ተደረገ። ተተኪው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ በ100 ዓመት ሲሰላ ግን አንድ ኪሎው ምድርን የሚያሞቀው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ ባላነሰ ኃይል ነው። ከአንድ ፒክአፕ የሾለከ ግማሽ ኪሎ ጋዝ 240 ሊትር ገደማ ናፍጣ ከመቃጠሉ ጋር ይስተካከላል። በየዓመቱ የሚሞላ ኤሲ የተሞላለትን ያህል በየዓመቱ ያፈሳል ማለት ነው።

ደጋ ላይ ለምትኖሩም አንድ ቃል። በቼንቻ ብርድ ወራት ሙሉ ያልተከፈተ ኤሲ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ምክንያቱም ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይክፈቱት። በጉም ቀን ከማሞቂያው ጋር አብረው ቢከፍቱት ደግሞ የጋቢናውን ርጥበት መጥጦ ፓራብሬዙን ያጠራልዎታል።

በአብዛኞቹ መኪኖች ኮፈን ሥር የጋዙ ዓይነትና መጠን በግራም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ያንብቡት፤ ሥራው ሲያልቅም ስንት ግራም እንደወጣና ስንት ግራም እንደገባ መካኒኩን ይጠይቁት።