የ40 እና የ80 ቀን ክርስትና በሰው አገር



በስደት ላይ ከሚወልዱ እናቶች ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጄ ቀኑ አልፎበታል፤ አሁን ክርስትና ይነሣል ወይ?» የሚል ነው። ልጃቸውን ለአያት ትተው የመጡትም «እኔ በሌለሁበት ክርስትና ቢነሣ ምን ድርሻ ይኖረኛል?» ይላሉ። ለሁለቱም የምናውቀውን እንጽፋለን።

በአገራችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀኗ ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ደግሞ የወለደች እናት የምትነጻበትን ቀን ስለ ወንድ 40፣ ስለ ሴት 80 አድርጎ ይቆጥራል። ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አዳም ወደ ገነት እንደገባ ይቆጠራል ማለት ነው።

በዕለቱ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ውኃውን ይባርካል። ሕፃኑ ገና መናገር ስለማይችል የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቱ ስለ እርሱ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይመሰክራሉ። ከዚያ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ይጠመቃል፤ ሜሮን ይቀባል፤ ማተብ ይታሰርለታል፤ የክርስትና ስም ይወጣለታል። በዚያው ዕለትም ይቆርባል።

ቀኑ ያለፈበት ልጅ በሩ አይዘጋበትም። ዓመት ቢሞላው፣ አሥር ዓመትም ቢሆነው ይጠመቃል። በጠና የታመመ ሕፃን ደግሞ ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ፈጥናችሁ ካህን አስጠሩ። ገንዘብ እስኪጠራቀም ብላችሁም አታዘግዩ። ድግሱ ደስታ ነው እንጂ ምሥጢሩ አይደለም። የወራት ደመወዝ ተበድሮ በግ ማረድን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም።

አብረናቸው የምንሠራው የሌላ አገር እኅቶችም ለልጆቻቸው እንዲሁ ይጨነቃሉ። ከስሪላንካ የመጡት ብዙዎቹ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው። በአገራቸው እናት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ቤተ መቅደስ ትሄዳለች፤ መነኮሳቱ «ፒሪት» የሚባለውን ጸሎት አዚመው በሕፃኑ አንጓ ላይ ነጭ ክር ያስራሉ። ይህ ቡራኬ እንጂ እንደ እኛ ጥምቀት አይደለም። ልጁ ከፍ ሲል በቡድሃ፣ በትምህርቱና በመነኮሳቱ ማኅበር እንደሚጠጋ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ አለመግደልንና አለመስረቅን የመሳሰሉ አምስት ትእዛዛትንም ይማራል። በየእሑዱም ልጆቹ ነጭ ለብሰው ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

እምነታችን ከእነርሱ ይለያል። ስለዚህ ግን ክራቸውን አይተን አንሣቅ፤ የእኛንም ማተብ አይቶ የሚሥቅ አይጠፋምና። ይልቅ አንድ ነገር እንመልከት፤ እነርሱ ክሩን አስረው ልጁን አልተዉትም፣ ያስተምሩታል። እኛስ ማተብ ካሰርንለት በኋላ ማን ያስተምረዋል?

ይህ ጥያቄ እዚህ ኤደን ለምንኖር ይበልጥ ይከብዳል። ተዋሂ በእንግሊዞች ዘመን የመርከበኞች ሰፈር ስለነበረ የካቶሊኩ ቅዱስ ፍራንቸስኮስና የአንግሊካኑ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተሠሩት በዚሁ ነው። ጦርነቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ከተነሣ ወዲህ ግን ተሰብስቦ ማምለክ አስጊ ሆነ። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. በሼክ ዑስማን ሰፈር፣ አረጋውያንን በሚጦሩት የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤት 16 ሰዎች ተገደሉ። ከእነርሱ አራቱ መነኮሳት ነበሩ፤ የአገራችን ልጆችም ይገኙባቸዋል። ነፍሳቸውን ይማር። እንዲህ ባለ ጊዜ የልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የእናቱ ጉልበት ነው። ማታ ስታስተኙት በስመ አብ ብሎ ማማተብን፣ አቡነ ዘበሰማያትን አስተምሩት። ልጁ አገር ቤት ከሆነም ስልክ ስትደውሉ ስለ ብሩ ብቻ አትጠይቁ፤ የክርስትና ስሙን ጠርታችሁ ጸሎት አብራችሁት በሉ። ድርሻችሁ ይህ ነው።

የክርስትና እናት ስትመርጡም ስጦታ የምታመጣውን ሳይሆን የምታስተምረውን እዩ። የክርስትና እናትነት እንደ ሥጋ ዝምድና ነው፤ ወላጅ እናት ከአገር አገር ስትንከራተት ልጁን የምትጠይቅለት እርሷ ናት።

ሁለት ወረቀቶችን አትርሱ። አንደኛው የክርስትና ምስክር ወረቀት ነው። ጥምቀት አይደገምምና ቀኑ፣ የክርስትና ስሙና የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም ተጽፎ ይቀመጥ። ሁለተኛው የመንግሥት የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ይካሄዳል፤ ሕጉም ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ይህን አይተካም። ልጃችሁ አያቱ ዘንድ ከሆነ መመዝገቡን ዛሬውኑ ጠይቁ።

በስደት የተወለዱትን፣ በአገር ቤትም እናታቸውን የሚጠብቁትን ልጆች ሁሉ እግዚአብሔር ያሳድግልን። አሜን።