የምዕራብ ጎጃም የሳምንት ገበያ፦ ቀኑ፣ ስፍሩና ዛላ በርበሬው

በምዕራብ ጎጃም የሳምንት ገበያ የሚባለው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት የታወቁ ቀናት የሚቆም፣ በቀሩት ቀናት ግን ሜዳው ባዶውን የሚውል የመገበያያ ሥርዓት ሲሆን፣ አርሶ አደሩ ያመረተውን አቅርቦ፣ የጎደለውን በዚያው ዕለት ሸምቶ የሚመለስበት ተቋም ነው። ከእርሱ ጎን ጉልት አለ፤ ጉልት ሴቶች በየሰፈሩ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያና ጎመን በየቀኑ የሚሸጡበት አነስተኛ ገበያ ሲሆን፣ ሸቀጡ የሚሸጠው በመደብ፣ ማለትም በዓይን ተገምቶ ዋጋ በተቆረጠለት ትንሽ ክምር ነው። ሁለቱ የሚመጋገቡ ናቸው፤ የጉልቷ ሴት ሳምንቱን ሙሉ የምትቸረችረውን በገበያ ቀን ከገበሬው በብዛት ትገዛለችና።

የሳምንት ገበያ ሁለት ነገሮች ካልተከበሩለት ገበያ አይሆንም፤ አንዱ ቀኑ ነው፣ ሌላው ስፍሩ። ቀኑ የሚከበረው፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ የሚመጣው ገበሬ ገዥ እንደሚጠብቀው፣ ነጋዴውም ሻጭ እንደማያጣ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉት ከተሞች ዙሪያ ጅጋ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ሽንዲና ሌሎችም ትናንሽ ገበያዎች ተሰባጥረው ይገኛሉ፤ የተጎራባች ገበያዎች ቀን የተለያየ ሲሆን ጨው፣ ሳሙና፣ ልባሽ ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሳምንቱን ይሞላል። በኢትዮጵያ ሰሜን ብዙ ገበያዎች በቅዳሜ መዋላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሆነው ገበሬ በቅዳሜና በእሑድ በሬ ስለማይጠምድ፣ ቅዳሜ ሞፈርና ቀንበር አርፈው እግር ወደ ገበያ የሚያመራበት ቀን ሆኗል።

ሥርዓቱ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች፣ ማለትም በቡድን ተደራጅተው ከአገር አገር የሚጓዙ ነጋዴዎች፣ ከከፋና ከእናርያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭነው፣ ባሮችንም እየነዱ፣ በጉድሩ አሰንዳቦ ገበያ በኩል ዓባይን ተሻግረው በጎጃም ወደ ባሶ ገበያ ይደርሱ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጎጃም ተዘዋውሮ ስለዚሁ ንግድ ጽፏል። የዚያ ዘመን መገበያያ ለትልቁ ዋጋ ማርያ ቴሬዛ ብር፣ ለዕለት ሽመታ ደግሞ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ፍኖተ ሰላም ተብላ ስትሰየም፣ ቡሬም ከዓባይ ማዶ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ስትሆን፣ የሲራራው ጭነት ወደ አይሱዙ መኪና ተዛወረ እንጂ የገበያው ውስጣዊ አሠራር ብዙም አልተናወጠም።

ሜዳው በተራ የተከፋፈለ ነው። ተራ ማለት አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ሁሉ ጎን ለጎን የሚሰለፉበት ቦታ ሲሆን፣ እህል ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ ጌሾ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ከሁሉም ዳር ከብት ተራ አለ። ይህ አሰላለፍ ሻጩን የሚጎዳ ቢመስልም በተግባር ዋጋን የሚወልደው እርሱ ነው፤ ሸማቹ ከአንዲት የጤፍ ጆንያ ወደ ሌላዋ አምስት እርምጃ ተራምዶ ማኛውን ከነጩ፣ ነጩን ከሰርገኛው ስለሚያስተያይ፣ ረፋዱ ላይ የተዘበራረቀው ዋጋ ቀትር ሳይደርስ ተቀራርቦ ያርፋል። ዋጋውን ለጥፎ የሚያሳውቅ ባለሥልጣን የለም፤ የቀኑ ዋጋ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ይጸናል።

ስፍርን በተመለከተ ብዙ መናገር ያስፈልጋል። ቁና ከሣር የሚሰፋ የእህል መስፈሪያ ሲሆን፣ ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ይሞላል፤ ለችርቻሮ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ለቅመማ ቅመም ደግሞ የቡና ሲኒ ያገለግላል። የቁና መጠን ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ የውጭ ሰው ሥርዓት የሌለው ነገር አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ገበያ ውስጥ የሚሰፈርበትን ዕቃ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው፣ ጎኑ የተጨመደደ ወይም ታቹ የተደፈጠጠ ጣሳ ይዞ የመጣ ሻጭ በጎረቤቶቹ ፊት ወዲያው ይጋለጣል። ስትሰፍር ሻጯ እህሉን በእጇ እያንቆረቆረች ከጣሳው አፍ በላይ ሾጠጥ ብሎ እስኪቆም ትከምራለች፤ ገዥዋም ክምሩ መንሸራተት እስኪጀምር እጇን አትሰበስብም፤ በመጨረሻም «መርቂልኝ እንጂ» ብላ ከስፍሩ ውጭ እፍኝ ታስጨምራለች። ይህ ምርቃት የሚባለው ጭማሪ ስጦታ ቢመስልም የስምምነቱ አካል ነው፤ ያልመረቀች ሻጭ ያችን ደንበኛ በሚቀጥለው ሳምንት አታገኛትም፤ በየሳምንቱ እየተገናኙ ለሚገበያዩ ሰዎች ደግሞ የደንበኝነት መቋረጥ ከማንኛውም ቅጣት ይከብዳል።

የዚህ አገር ገበያ ፊት ግን በርበሬ ነው። ገበሬው ችግኙን ከዋናው ክረምት በፊት በችግኝ መደብ አፍልቶ፣ ዝናቡ ሲጸና ወደ ማሳ ያዛውረዋል፤ ፍሬው ቀልቶ ከጥቅምት ጀምሮ ሲለቀም በደጅ በፀሐይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሳይፈጭና ሳይሸራረፍ ከነቅርፉና ከነፍሬው የሚሸጠውም ዛላ በርበሬ ይባላል። እንደ ማረቆ ፋናና ባኮ ሎካል ያሉ በምርምር የወጡ ዝርያዎች ቢኖሩም፣ ብዙ ገበሬ ካምናው ዛላ መርጦ ያስቀረውን ዘር ይዘራል። የበርበሬ ተራው በታኅሣሥና በጥር ሲሞላ ከሩቅ የሚታወቀው በሳሉ ነው፤ ሻጭና ገዥ ነጠላቸውን ባፍንጫቸው ላይ ሸፍነው ይከራከራሉ። ልምድ ያለው ገዥ እጁን እስከ ክንዱ ወደ ማዳበሪያ ጆንያው ውስጥ ሰዶ የታችኛውን ያወጣል፤ ጥሩው ላይ ላይ ተደርድሮ ነጭ የመታው ከሥር ሊደበቅ ይችላልና። ከዚያም አንዱን ዛላ በጆሮው አጠገብ ያንቀጫቅጨዋል፤ ፍሬው በውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፣ ዝም ካለ ግን እርጥበት አለበት፤ ወይም ክብደት እንዲያነሣ ውኃ ተርከፍክፎበታል ማለት ነው። በመጨረሻ ይሰብረውና የውስጡን ቅላት ያያል፤ ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን ወጥ የሚያደምቅ ነው።

በርበሬ በብዛት ሲሸጥ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ግራም ይመዘናል፤ እዚህ ላይ ስፍሩ በሚዛን ይተካል፤ የገበሬው ችግርም የሚጀምረው እዚህ ነው። ጣሳውን ሁሉም ያየዋል፤ የተንጠለጠለውን ሚዛን ግን የሚያነብበው ባለቤቱ፣ ማለትም ለከተማ ነጋዴ ከገበያ የሚለቅመው ሰብሳቢ ነው፤ በመካከል ደላላ ሲገባ ደግሞ ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰማው ጥቅም ካለው ሰው አፍ ነው። የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ በከተማ ዘመድ ያለው ገበሬ ጆንያውን ሳይፈታ ደውሎ መጠየቅ መቻሉ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ጠቅሞታል። ያም ሆኖ ምርት በተሰበሰበበት ወር የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብርና የጥር ሠርግ ስለሚደራረቡበት፣ ብዙው ሰው በቆሎውንም በርበሬውንም ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ለመሸጥ ይገደዳል፤ ያንኑ በቆሎ በነሐሴ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ የሚሸምት ቤተሰብ አለ፤ ይህም የአካባቢው ገበያ እስከ ዛሬ ያልፈታው ከባዱ ጉዳይ ነው።

የሴቶቹ ገበያ በሌላ ምት ይሄዳል። ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ ጌሾና ፈትል የቤት እመቤቷ ገቢ ሲሆኑ፣ ቡናው፣ ጨውና የልጆቹ ደብተር የሚገዛው ከዚሁ ነው። የቅቤ ዋጋ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል እየተባለ በዕድሜው ይለያል፤ ለጋው ለመቀባት፣ በሳሉ ለወጥ ይፈለጋል። ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚያዝዘው ግን ጾም ነው፤ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም የቅቤና የዕንቁላል ተራ ጭር ሲል የሽምብራ፣ የምስርና የኑግ ገዥ ይበረክታል፤ የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ደግሞ ዶሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ የማይቀመስ ይሆናል። ለዚህም አስቀድማ ያቀደች እናት ዶሮዋን ቀን ቆጥራ ታሳድጋለች።

ዕቃ ከመለዋወጥ ባሻገር ገበያው የአገር ጉባኤ ነው። ቀድሞ አዋጅ በነጋሪት የሚነገረው በገበያ መካከል ነበር፤ ዛሬም የጠፋ ከብት የሚጠየቀው፣ የሞት መርዶ የሚሰማው፣ የልጅ ጋብቻ ሽማግሌዎች የሚቀጣጠሩት፣ እቁብም የሚጣለው በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ የሚሸጥ ነገር የሌለው ሰው ዱላውን ይዞ ገበያ መውጣቱ ሥራ ፈትነት አይደለም።

በዙሪያው ያለው ኢኮኖሚ እየተለወጠ ነው። ቡሬ በአገሪቱ መጀመሪያ ከተጀመሩት አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ስትሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በዚያው አለ፤ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚፈልገው ብዛት ያለው ወጥ የሆነ ምርት በመሆኑ በጣሳ ከምትሰፍረው ሴት ሳይሆን ከኅብረት ሥራ ማኅበርና ከትልልቅ አቅራቢ መግዛት ይቀናዋል። ትንሹ ገበያ በዚህ አይጠፋም፤ የገጠሩ ሰው የሚበላውን የሚለዋወጥበት ሌላ ቦታ የለውምና። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ግን ወደ ውጭ የሚወጣው ምርት ሁሉ ታግቷል፤ አይሱዙ ሳይመጣ የቀረ ዕለት በበርበሬ ተራ ያለው ገዥ የጎረቤት ሸማች ብቻ ስለሚሆን፣ ገበሬው ጆንያውን መልሶ በአህያ ጭኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ካልሆነም ለቡና መግዣ ያህል ጥቂት ቸርችሮ የቀረውን ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ያቆየዋል።