የመኳያው ነገር

ስለ ኩልና ማስካራ ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ ‹‹የቱ ይደምቃል?›› የሚል ነው። እኔ ግን መኳያው የማን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል ባይ ነኝ። የማስካራ ብሩሽ ከሽፋሽፍት ላይ ባክቴሪያ ይዞ ወደ ዕቃው ይመለሳል፤ እርጥበት ስላለም እዚያው ይራባል። በየ3 ወሩ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ሲደርቅ በምራቅ ማርጠብማ የባሰ ነው። በየውበት ሳሎኑ ደግሞ አንዱ ብሩሽ ሙሽራዋንም ሚዜዎቿንም ያዳርሳል። እናም የራስዎን ይዘው ይሂዱ።

የድንጋይ ኩል ሌላ ጣጣ አለው። ጋሌና ከተባለው የእርሳስ ማዕድን የተፈጨ ሊሆን ስለሚችል አሜሪካ ለመዋቢያነት አትፈቅደውም። በተለይ ሕፃናትን መኳል አልደግፍም። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል፤ በዚህ መንገድ የገባው እርሳስ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለ አንጎሉን ነው።