ፊቱን አይታችሁ አትጣሉት፤ ድምፁን ስሙት

እንስራ ልትገዙ ገበያ ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ? በጣታችሁ ቆርቆር አድርጋችሁ ትሰማላችሁ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮሃል። የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። የአሮጌ ብረትም ነገር እንዲሁ ነው።

በእጅ የሚዞር የብረት ወናፍ በብረት ቀጥቃጭ ቤት አይታችሁ ይሆናል። እጀታው ሲዞር በውስጡ ያሉት ጥርሳም መዘውሮች ማራገቢያውን በፍጥነት ያሽከረክሩታል። ነፋሱም በቱቦ አልፎ ከሰሉን ያቀጣጥላል። በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር፣ በላንካስተር ከተማ የነበረው የቻምፒዮን ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ወናፍ ይሠራ ነበር።

የዚህ ወናፍ አካል ጊዛ ነው። ጊዛ ማለት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ካርቦን የሚባለው የከሰል ንጥረ ነገር ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ያህል አለበት። ስለዚህ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው።

ጊዛ ሲያረጅ ይዝጋል፤ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊትም ይጎደጉዳል። አንዳንዱ ጉድጓድ እንዲያውም ብረቱ ሲፈስ አየር የፈጠረው ነው። ይህ የቆዳ ጠባሳ ነው፤ ሥራ አያስቆምም። የሚያስፈራው እስከ አጥንት የገባ ስንጥቅ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል?

አንደኛ፣ ክፍሉን ፈታችሁ በገመድ አንጠልጥሉት። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉትና ስሙት።

ሁለተኛ፣ ከእሳት ርቃችሁ ላምባ ቀቡት። ጥቂት ቆይታችሁ በጨርቅ አድርቁት። ከዚያ ፊደል የቆጠራችሁበትን ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ እርጥብ መስመር ያሰምራል።

ስንጥቅ ከሌለው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አውርዱ። ጉድጓዱን ለማጥፋት ብላችሁ ብረቱን አትሞርዱት፤ ታሳሱታላችሁ። የተጣበቀውን ብሎን ላምባ አጠጥታችሁ አሳድሩት። ጥርሶቹን ዘይት፣ ውጪውን ቀለም ቀቡት። ስንጥቅ ካለው ግን ጊዛ መበየድ ለሚያውቅ ሰው ብቻ አሳዩት። ያላወቀ ሰው ከበየደው በብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይባላል። ጊዛ ግን ጋለም ቀዘቀዘም አይቀጠቀጥም፤ ይሰበራል። ስለዚህ አልዞር ቢላችሁ በመዶሻ አትታገሉት።

ወናፍ ሲቆም ማረሻ አይሳልም፤ ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። እንግዲህ አሮጌውን ወናፍ በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ሌሊት ላምባ ስጡት። ጠዋት ድምፁን ስሙት።