ያውቁ ኖሯል? የዌስትሃም ልጆችና የ1966ቱ ዋንጫ
እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 ስትረታ፣ አራቱንም ጎሎች ያስቆጠሩት የአንድ ክለብ፣ የዌስትሃም ተጫዋቾች ናቸው፤ ጄፍ ኸርስት ሦስት፣ ማርቲን ፒተርስ አንድ። ከክለቡ ለእንግሊዝ የተሰለፈ ታላቁ ተጫዋች ማነው ሲባል ብዙዎች ኸርስትን ይጠራሉ፤ እስከ 2022ቱ ኪሊያን ምባፔ ድረስ በወንዶች ፍጻሜ ሐትሪክ የሠራ ሌላ አልነበረምና አይፈረድባቸውም። እኔ ግን አምበሉን ቦቢ ሙርን አስቀድማለሁ። የኸርስት የመጀመሪያ ጎል የተገኘው ሙር ጥፋት ተሠርቶበት ወድቆ እንደተነሳ፣ የጀርመን ተከላካዮች ሳይደራጁ፣ ቶሎ ብሎ ካሻማው ቅጣት ምት ነው። በ120ኛው ደቂቃም ሌላ ተከላካይ ቢሆን ኳሷን ወደ ተመልካች በጠለዛት ነበር፤ እሱ ግን ተረጋግቶ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ በረጅሙ ለኸርስት አቀበለው። ሙር ለእንግሊዝ 108 ጊዜ ተሰልፏል፤ 90ውን በአምበልነት።