አውቶቡሱ ቤት ሲሆን ቢቱዋሑስ?



እንበልና በሃይፋ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቹን አወጣ፤ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ታንከር አስገባ። አያትና የልጅ ልጅ አብረው ወደ ኪኔሬት ሊወርዱበት፣ ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሊወጡበት አሰቡ። ሐሳቡ መልካም ነው። ቢቱዋሑም ተከፍሏል። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አሁንም «የመንገደኛ ሚኒባስ» ነው። መኪናው ተለውጧል፣ ወረቀቱ አልተለወጠም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ልዩነት ነው። አስተማማኝ ቢቱዋሕ ማለት ገንዘብ የተከፈለበት ብቻ አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ ያለው መኪና በር ላይ ከቆመው መኪና ጋር አንድ የሆነበት ነው።

በመጀመሪያ ሦስቱን የመኪና ቢቱዋሕ ዓይነቶች እንለይ።

አንደኛው ቢቱዋሕ ሖባ ነው። ይህ በሕግ ግዴታ ሲሆን የሰውን አካል ይሸፍናል፦ ሾፌሩን፣ በመኪናው ውስጥ የተሳፈሩትንና የተገጨውን እግረኛ። በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሣ ሕግ መሠረት ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል ለተጎዳው ሰው ይከፈላል።

ሁለተኛው ጻድ ጊሜል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኢትዮጵያ «የሦስተኛ ወገን መድን» ሲባል በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳትም፣ ለንብረትም ነው። በእስራኤል ግን ጻድ ጊሜል የሚሸፍነው የሌላውን ሰው ንብረት ብቻ ነው። ስለዚህ «ጻድ ጊሜል አለኝ» ብሎ ያለ ሖባ መንዳት አይቻልም።

ሦስተኛው ማኪፍ ነው። ይህ የራሳችሁን መኪና ከግጭት፣ ከእሳትና ከስርቆት ይሸፍናል። ብዙውን ጊዜ ጻድ ጊሜልንም በውስጡ ይይዛል።

ወረቀቱና መኪናው ካልተስማሙ ምን ይመጣል? ከሁሉ የሚከብደው የሖባው ጉዳይ ነው። ያው የ1975 ሕግ ያለ ቢቱዋሕ የነዳ ሾፌር ለራሱ አካል ካሣ አያገኝም ይላል። ቢቱዋሕ ኖሮትም ቢቱዋሑ ያንን የመኪና አጠቃቀም የማይሸፍን ከሆነ እንደዚያው ነው። ለዚያ ዓይነት መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የነዳም ካሣ አያገኝም። ባለቤቱ «ልጄ ይንዳ» ብሎ ቢቱዋሕ የሌለውን መኪና ቢሰጥና አብሮ ሲሄድ ቢጎዳ፣ ባለቤቱም መብቱን ያጣል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎችና እግረኛው ግን ሜዳ ላይ አይቀሩም፤ «ካርኒት» የሚባለው በዚሁ ሕግ የተቋቋመ ድርጅት ይከፍላቸዋል። ከዚያ በኋላ ካርኒት ገንዘቡን ያለ ቢቱዋሕ ከነዳው ሰው መልሶ መጠየቅ ይችላል። በዕድሜ ልክ ድካም የተገዛ ቤትና የተቆጠበ ገንዘብ በዚህ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት።

እንግዲህ ከየት እንጀምር?

ከመኪናው ሪሽዮን ጀምሩ። ወንበር ከማውጣታችሁና ብረት ከማስቆረጣችሁ በፊት ወደ ሚስራድ ሃሪሹይ ሂዱ፤ በሃይፋም ቢሮ አለ። በእስራኤል የትራፊክ ደንብ የመኪናን አካል ያለ ፈቃድ መለወጥ ክልክል ነው። ለመለወጥ ምን ዓይነት መሐንዲስና ምርመራ እንደሚያስፈልግ እዚያው ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሥራው ሲያልቅ በሪሽዮኑ ላይ የመኪናው ዓይነት፣ የወንበር ቁጥርና ክብደት መስተካከሉን አረጋግጡ። ያለ ፈቃድ የተለወጠ መኪና በቴስት ሊወድቅ ይችላል፤ ፖሊስም ከመንገድ ሊያወርደው ይችላል።

ቀጥሎ የራሳችሁን መንጃ ፈቃድ ተመልከቱ። ተራው የ«ቤ» መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ለሚደርስ መኪና ነው፤ ከሾፌሩ ሌላ ከ8 በላይ ተሳፋሪ የሚይዝም መሆን የለበትም። አውቶቡስ ባዶ ቢሆንም፣ በውስጡ አልጋ ብቻ ቢኖርም፣ በሪሽዮኑ ላይ አውቶቡስ ከተባለ አውቶቡስ ነው። ክብደቱም የሚታየው ዕቃው ሲገባ ነው። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ይመዝናል። ከካርሜል ተራራ በፍሮይድ መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ፍሬኑን ምን ያህል እንደሚፈትን ያውቃል።

ከዚያ ወደ ሶኼን ቢቱዋሕ ሂዱ። ለሶኼኑ ሁሉንም ንገሩት፦ መኪናው ቀድሞ አውቶቡስ እንደነበረ፣ አሁን አልጋና ጋዝ እንዳለው፣ በውስጡ እንደሚታደር፣ ማን ማን እንደሚነዳው፣ ዕድሜያቸውንና መንጃ ፈቃድ ካወጡ ስንት ዓመት እንደሆናቸው። ፎቶግራፍም ላኩለት። የ1981 የቢቱዋሕ ውል ሕግ በጽሑፍ ለተጠየቀ አስፈላጊ ነገር ሙሉና እውነተኛ መልስ እንድንሰጥ ያዛል። መልሱ እውነት ካልሆነ ኩባንያው ካሣውን ሊቀንስ፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ላይከፍል ይችላል። «ዋጋው እንዳይወደድ ጋዙን አንንገር» ማለት በአደጋ ቀን ራስን መጉዳት ነው።

ሶኼኑ በስልክ «በሴዴር፣ አትጨነቁ» ቢላችሁ አይበቃም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቡ፤ በጽሑፍም ይመልስላችሁ፦

1. በፖሊሲው ላይ የተጻፈው የመኪና ዓይነትና አጠቃቀም ከሪሽዮኑ ጋር አንድ ነው?

2. ከተፈቀደላቸው ሾፌሮች ውስጥ ልጄ ወይም አማቼ አለ?

3. ከጋዙ ወይም ከኤሌክትሪኩ እሳት ቢነሣ ማኪፉ ይሸፍናል? ጋዙን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሥራቱን የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል?

4. አልጋው፣ ማቀዝቀዣውና ሌላው የተጨመረው ሁሉ በስንት ብር ተገምቷል?

5. መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ለእንዲህ ዓይነት ከባድ መኪና የሚሆን የመጎተት አገልግሎት አለ?

አራተኛው ጥያቄ በተለይ ለአውቶቡስ ቤት ወሳኝ ነው። ሻማዮች፣ ማለት የመኪና ዋጋ ገማቾች፣ «ሌቪ ይጽሐቅ» የሚባለውን የዋጋ ዝርዝር ይጠቀማሉ። በዚያ ዝርዝር ላይ ግን ያለው ከፋብሪካ የወጣው መኪና እንጂ እናንተ የሠራችሁት ወጥ ቤት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሻማይ አይቶ ዋጋውን ይጻፍ፤ ደረሰኞቻችሁንም አስቀምጡ። ልብስ፣ ስልክና የመሳሰለው የግል ዕቃ በመኪና ቢቱዋሕ ይሸፈናል ብላችሁ አታስቡ፤ ለብቻው ጠይቁ።

ኩባንያዎች ሖባ ለመሸጥ እንቢ ቢሏችሁስ? «ሃፑል» የሚባል አለ። በሌላ ኩባንያ ሖባ ያላገኘ ባለመኪና የሚሄድበት ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ያለ ሖባ ከመንዳት እጅግ ይሻላል።

ወረቀቱ ሲመጣም ገና አልጨረሳችሁም። ሖባ የሚጸናው ገንዘቡ ሲከፈል ነውና የክፍያ ማረጋገጫውን ከተዑዳው ጋር ያዙ። ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ የታርጋ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የሾፌሮቹን ስምና ቀኑን ያንብብላችሁ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ «ነገ እመለሳለሁ» ማለት ነውር የለውም። «ሃር ሃቢቱዋሕ» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽም በስማችሁ ያሉትን ቢቱዋሖች በነፃ ማየት ይቻላል። የሶኼኑ ፈቃድ ደግሞ የቢቱዋሕ ኩባንያዎችን በሚቆጣጠረው በራሹት ሹክ ሃሆን ይጣራል።

አደጋ ቢደርስና ኩባንያው አልከፍልም ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በ1981ዱ ሕግ መሠረት ኩባንያው የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። መኪናው ለደረሰበት ጉዳት ክስ ለማቅረብ ደግሞ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አላችሁ፤ ከዚያ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ለራሹት ሹክ ሃሆን አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ያለ ጠበቃ የሚቀረብበት የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ።

ውድ አባቶችና እናቶች፣ ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ይህን አንድ ነገር አድርጉ። የመኪናውን ሪሽዮን፣ መንጃ ፈቃዳችሁንና የቢቱዋሑን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ በመስኮት መኪናውን እዩ። አራቱም ስለ አንድ መኪና የሚናገሩ ከሆነ፣ መንገዳችሁ የሰላም ይሁን።